ስሙ የነጋዴው፣ ብረቱ የሠሪው

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። አሮጌ የጀልባ ሞተር ላይ ሲደርስ ግን መልአኩ እጁን ሰብስቧል፤ ስም የሚያወጣው ነጋዴ ነው። ይህን ጠንቅቀው የሚያውቁት በሰሜን አሜሪካ፣ በእንግሊዝና በስካንዲኔቪያ የባሕርና የሐይቅ ዳርቻዎች፣ ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የተሠሩ፣ አንድ ወይም ሁለት ሲሊንደር ያላቸው ትንንሽ የጀልባ ሞተሮችን እየለቀሙ ዝገት የሚፍቁ ሰዎች ናቸው። ዝገቱ ብዙም አያስቸግራቸው፤ ነጭ ጋዝና ትዕግሥት ካለ ይለቃል። መከራው ዝገቱ ከለቀቀ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «ለመሆኑ ይህን የሠራው ማን ነው?» ጥያቄው ሲሰሙት የዋህ ነው። ሞተሩ ትንሽ፣ ዘመኑም ያን ያህል ያልራቀ፣ ፋብሪካ ደግሞ መዝገብ አያጣም። ነገር ግን ሁለት አዋቂዎች አንድ ስም የለሽ ሞተር መሃል አስቀምጠው ሲከራከሩ የሰማ ሰው የርስት ሙግት የተያዘ እንጂ የብረት ወሬ አይመስለውም፤ ምስክር ይቆጠራል፣ የዘር ሐረግ ይመዘዛል፣ የቀረው «በላ ልበልሃ» ብቻ ነው። በዚህ ሙግት እኔ የምይዘው አቋም አንድ ነው። ራሱን አጉልቶ የሚያሳይ ማስረጃ ሁሉ ከተደበቀው ማስረጃ ያንሳል። በትልቁ የተጻፈው ስም ማን ሊመሰገን እንደፈለገ ይነግረናል፤ ማን እንደሠራው የሚነግረን ማንም ያየዋል ተብሎ ያልታሰበው ቦታ ነው።

ሙግቱ ለምን እንደበዛ ለመረዳት ሞተሩ ምን ያህል ቀላል እንደነበረ ማወቅ ይበቃል። በ1891 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በእንግሊዟ የባዝ ከተማ ጆሴፍ ዴይ የተባለ ሰው ለአንድ ባለሁለት ምት ሞተር የፓተንት መብት ጠየቀ። በዓመቱ ፍሬድሪክ ኮክ የተባለ ሠራተኛው በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ሦስተኛ ቀዳዳ ጨመረና ሞተሩን ቫልቭ ከሚባለው ነገር ጨርሶ ገላገለው። ከዚያ ወዲያ ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ ቀዳዳዎቹን እየከፈተና እየዘጋ የቫልቩን ሥራ ደርቦ ይሠራል፤ የሚንቀሳቀሱት ዋና ዋና አካላትም ፒስተኑ፣ ቢዬላውና ክራንክ ሻፍቱ ብቻ ሆኑ። ለሞተር ወዳጆች ትልቅ እፎይታ፣ ለወደፊት መርማሪዎች ትልቅ ፈተና! አንድ የብረት ማቅለጫ፣ አንድ ቶርኖና አንድ ተስፈኛ ባለገንዘብ ያለባት ከተማ ሁሉ የሞተር ፋብሪካ መክፈት ቻለች። በኮነቲከት የኮስ ኮቦቹ ፓልመር ወንድማማቾችና የሚስቲኩ ላትሮፕ፣ በክሊቭላንድ ፌሮ፣ በዲትሮይት ግሬይ፣ በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ የብሪጅዋተሩ አካዲያና የጎረቤቱ ሉነንበርግ ማቅለጫ «አትላንቲክ» ሞተር፤ እነዚህ ስማቸው የተረፈላቸው ናቸው። ስማቸው ያልተረፈላቸው በመቶ ይቆጠራሉ። በዲትሮይት የቁማር ማሽን ይሠሩ የነበሩት የኬይል ወንድማማቾች እንኳ ወደ ጀልባ ሞተር ገብተዋል፤ በብርድ ጠዋት ሞተር ለማስነሣት የታገለ ዓሣ አጥማጅ ይህ የሙያ ለውጥ ነው ቢሉት ላያምን ይችላል። ሞተሩም ከውኃ ላይ አልወሰን አለ፦ ኤልውድ ሄይንስ በ1894 ኢንዲያና ውስጥ በኮኮሞ ከተማ የነዳትን መኪና ያንቀሳቀሰው፣ ከግራንድ ራፒድሱ ሲንትዝ ኩባንያ የተገዛ ባለ አንድ ሲሊንደር የጀልባ ሞተር ነበር።

እንግዲህ ምስክሮቹን አንድ በአንድ እንጥራ። ቀድማ የምትቀርበው የነሐስ ሰሌዳዋ ናት፤ ሁሉም ሰው የሚሮጠው ወደ እሷ ነውና። ስም፣ ከተማ፣ ተራ ቁጥር፣ አንዳንዴም የፈረስ ጉልበት ትናገራለች፤ ንግግሯ የጠራ፣ መልኳም ሲወለወል የሚያብረቀርቅ ነው። ችግሯ ተቀጣሪ መሆኗ ነው፤ የቀጠራት ደግሞ ሻጩ ነው። በካታሎግ ሁሉን ይሸጥ የነበረው ሲርስ ሮቡክ በ1930ዎቹ «ዋተርዊች» የሚል፣ ከጀልባ ጀርባ የሚንጠለጠል ሞተር ለገበያ አቀረበ። ሞተሩን ያሠራው በዊስኮንሲን ሃርትፎርድ በነበረው በኪስል ነበር፤ ኪስል ቀድሞ ያማሩ መኪኖችን ሲሠራ ቆይቶ የኢኮኖሚ ቀውሱ ከመኪና ገበያ ያስወጣው ኩባንያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሲርስ «ኤልጂን» የሚል ሌላ ስም አወጣ፤ የዚያን ጊዜ ሠሪው ዌስት ቤንድ ሆነ፤ የአሜሪካ ማእድ ቤት በአሉሚኒየም ድስቱና በመጥበሻው የሚያውቀው ያው ዌስት ቤንድ። በሐይቅ ላይ የሚያጓራው ሞተርና ወጥ የሚንተከተክበት ድስት የአንድ አባት ልጆች ሆነው ተገኙ ማለት ነው፤ ሰሌዳዋ ግን ስለዚህ ዝምድና አንዲት ቃል አትተነፍስም። ሌላው የካታሎግ ነጋዴ ሞንትጎመሪ ዋርድ ደግሞ 300 ያህል ሞተሮች አሠርቶ አልሠራ ስላሉ መለሳቸው፤ ሠሪውም ከሰረ። በ1939 ካርል ኪክሄፈር በዊስኮንሲን ሲዳርበርግ የነበረውን ያን የከሰረ ፋብሪካ ገዛ፣ የተጣሉትን ሞተሮች ፈታትቶ አስተካከለ፣ ዋርድም ተቀብሎ ተጨማሪ አዘዘ፤ በኋላ «ሜርኩሪ» በሚል ስም የገነነው ኩባንያ ጅምሩ ይኸው ነው። ከእነዚያ 300 ሞተሮች አንዱ ዛሬ ቢገኝ ያዘዘው አንድ፣ ያበላሸው ሌላ፣ ያቃናው ሦስተኛ ነው። በአንዲት ጣት በምታህል ሰሌዳ ላይ ይህ ሁሉ ታሪክ እንዲሰፍር መጠበቅ ግፍ ነው።

እዚህ ላይ ተከራካሪዬ ብድግ ይላል። «የመደብር ስም ይዋሽ፤ የሰው ስም የተቀረጸበት ሞተር ግን የሰውዬው ለመሆኑ ምን ጥርጥር አለው?» አለው እንጂ! የኖርዌይ ተወላጁ ኦሌ ኤቪንሩድ በ1909 በሚልዋኪ በስሙ የሚጠራውን ተንጠልጣይ ሞተር መሸጥ ጀመረ። ንግዱ ሲደራ የባለቤቱ የቤስ ጤና ታወከና በ1914 ገደማ ድርሻውን ለሸሪኩ ሸጦ ወጣ፤ ለአምስት ዓመት በሞተር ሥራ ላለመወዳደርም ተስማማ። ጊዜው ሲያልፍ በአሉሚኒየም የቀለለ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ይዞ ተመለሰ። ሲመለስ ግን ስሙ የእሱ አይደለም፤ ከፋብሪካው ጋር ተሽጧል። ስለዚህ አዲሱን ሞተር «ኤልቶ» አለው። ሁለቱ ኩባንያዎች በ1929 እስኪዋሃዱ ድረስ «ኤቪንሩድ» የሚል ሞተር የገዛ ሰው የአቶ ኤቪንሩድን ተፎካካሪ ያበለጽግ ነበር፤ የአቶ ኤቪንሩድን ሥራ የፈለገ ደግሞ ሌላ ስም መጥራት ነበረበት። ከኒውፋውንድላንድ አጥማጆች መንደርም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። የአጥማጆች ማኅበር መሪ የነበረው ዊልያም ኮከር ማኅበሩ ባቋቋመው የንግድ ድርጅት በኩል «ኮከር» የተባለ ሞተር ለአባላት ይሸጥ ነበር። ኮከር የታወቀው በማደራጀት፣ በጋዜጣና በፖለቲካ ነው፤ ብረት በማቅለጥ አይደለም። አጥማጁ ስሙን ሲያይ የተማመነው በመሪው ነበር፤ መተማመኑ ደግሞ ሞተር ይሸጣል እንጂ ሞተር አይሠራም። እንግዲህ የሰው ስምም እንደ መደብር ስም ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይከራያል።

ከሰሌዳዋ ቀጥለው የሚመጡት በየቦታው የተሰኩት የነሐስ ዕቃዎች ናቸው፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ሰሌዳው የጠፋበት ሞተር ሲገኝ ዓይን የሚያርፈው በግራሶ ኩባያው፣ በቤንዚን መክፈቻው ወይም በዘይት ማንጠባጠቢያው ላይ ነው፤ በዚያም ላይ «ሉንከንሃይመር» የሚል ስም በጉልህ ተጽፎ ይገኛል። ወዲያው እልልታ! የሞተሩ አባት ታወቀ! ይህን አሠራር ብንከተል ሉንከንሃይመር በባሕር ዳርቻ ሁሉ ልጅ የወለደ ሰው በሆነ ነበር። እውነቱ ሉንከንሃይመር በሲንሲናቲ የነበረ የነሐስ ዕቃ ፋብሪካ ነው፤ ለሁሉም የሞተር ሠሪ ቧንቧና ኩባያ ያቀርብ ነበር። «ሼብለር» የሚለው የኢንዲያናፖሊስ ካርቡራተር ነው። «ዲትሮይት» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዘይት ማንጠባጠቢያ የዲትሮይት ሉብሪኬተር ኩባንያ ሊሆን ይችላል፤ ጣጣው ዲትሮይት ውስጥ በከተማዋ ስም ይጠሩ የነበሩ የሞተር ሠሪዎችም መኖራቸው ነው። ወደ ኋላ መሄጃ ካምቢዮው ላይ «ጆስ» የሚል ካለም ጆ የሚባል የሞተር ሠሪ ፍለጋ መሰማራት አያስፈልግም፤ ስኖው እና ፔትሬሊ የተባሉ የኒው ሄቨን ሰዎች ለማንም ገዢ ይሸጡት የነበረ ካምቢዮ ነው። ከዚህ የሚወጣው ሕግ አጭር ነው። በቁልፍ ተፈትቶ የሚወጣ ነገር ስለ ራሱ እንጂ ስለተሰካበት አካል አይመሰክርም። ካንዴላና ቦቢናማ ጨርሶ ሊቆጠሩ አይገባም፤ ዕድሜያቸው ከሞተሩ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር የአንድ ሳምንት እንግዳ ናቸው።

ስለ ቀለም ብዙ ማለት አያሻም፤ ቀለም የመጨረሻው ባለቤት ምን ቆርቆሮ ተርፎት እንደነበር ይናገራል። የፓተንት ቀን ግን ቁም ነገር አለው። በብዙ የአሜሪካ ሞተሮች ላይ ስሙ ቢፋቅም የፓተንት ቀን ይቀራል፤ ቀኑም በመዝገብ ተፈልጎ የባለመብቱን ስም ያወጣል። ዝገት አንዱን አሃዝ ከበላው ደግሞ የሚያግዝ አንድ ጥሩ ዘዴ አለ። የአሜሪካ የፓተንት መሥሪያ ቤት በዚያ ዘመን ፓተንት የሚሰጠው ማክሰኞ ማክሰኞ ስለነበር፣ የተነበበው ቀን በዘመን መቁጠሪያ ሲታይ ሐሙስ ላይ ከዋለ የተሳሳተው ዓይናችን ነው። ይሁን እንጂ ይህም ምስክር መስቀለኛ ጥያቄ ይገባዋል። መብቱ ለ17 ዓመት ይቆይ ስለነበር ቀኑ ከዚህ በፊት አልተሠራም ይላል እንጂ በዚህ ዓመት ተሠራ አይልም። ከዚህም በላይ ፓተንቱ የአንዲት ፑንቲና ወይም የአንድ ካርቡራተር ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ባለመብቱም ለብዙ ፋብሪካ አከራይቶት ይሆናል። እንግዲህ የፓተንት ቀን ታማኝ ምስክር ነው፤ ሆኖም የተጠየቀውን ሳይሆን የሚያውቀውን ብቻ ይመልሳል።

አሁን ወደ ብረቱ እንውረድ። የሞተር አካል የሚወጣው እንዲህ ነው፦ ባለሙያ ከእንጨት ሞዴል ይቀርጻል፣ ሞዴሉ በእርጥብ አሸዋ ላይ ይታተማል፣ ሞዴሉ ሲነሣ በተረፈው ጉድጓድ የቀለጠ ብረት ይፈስሳል። ስለዚህ በእንጨቱ ላይ ያለ ፊደልና ቁጥር ሁሉ በብረቱ ላይ ጎልቶ ይወጣል። ተከራካሪዬ ይህን ሲሰማ ፊቱ ይፈካል። «ይኸውልህ! በቮላኖው ላይ ከብረቱ ጋር አብሮ የፈሰሰ ስም አለ፤ ይህ በቁልፍ አይፈታ፣ በመዶሻ አይነቀል፤ ይህም ይዋሻል ልትል ነው?» አዎን፣ ልል ነው። በሞዴሉ ላይ ያሉት ፊደሎች ራሳቸው ተለጣፊ ነበሩ፤ ማቅለጫው የአንዱን ነጋዴ ስም አንሥቶ የሌላውን ለጥፎ በአንድ ሞዴል ለሁለት ደንበኛ መሥራት ይችላል። በቮላኖው ላይ የጎላው ስም ለገዢ ዓይን የተዘጋጀ ነውና ከሰሌዳዋ የሚለየው በክብደቱ ብቻ ነው። ከዚያ ይልቅ በሞተሩ መቀመጫ ሥር፣ በሲሊንደሩ ጀርባ፣ በቧንቧው ክርን ውስጥ የተሸጎጠውን ትንሽ ቁጥር ፈልጉ። ያ ቁጥር የሞዴሉ መለያ ነው፤ የተጻፈው መደርደሪያ ላይ ሞዴል ለሚፈልግ የማቅለጫ ሠራተኛ እንጂ ለገዢ አልነበረም። እዚያ ቦታ መዋሸት ማንንም አይጠቅምም ነበር፤ የሚሳሳተው ራሱ ፋብሪካው ነዋ! ስማቸው የተለያየ ሁለት ሞተሮች በአንድ ዓይነት አካል ላይ አንድ ዓይነት ቁጥርና አንድ ዓይነት አጻጻፍ ካላቸው፣ ነጋዴዎቹ ምንም ቢሉ ከአንድ የሞዴል መደርደሪያ የመጡ ናቸው ብሎ መጠርጠር ይገባል።

ቁጥር ከሌለ ጥርስ አለ። የእንግሊዙ ጆሴፍ ዊትወርዝ በ1841 የቡሎን ጥርስ በ55 ዲግሪ እንዲቆረጥ ሐሳብ አቀረበ፤ አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ በ1864 ተነሥቶ «60 ይሻላል» አለ፤ ሁለቱ አገሮች በአምስት ዲግሪ ተኳርፈው ለብዙ ዘመን ኖሩ። የአውሮፓ አህጉር ደግሞ በሚሊሜትር ሄደ። ለተጠቃሚው ይህ ጣጣ ነው፤ ለመርማሪው ግን ሞተሩ በየትኛው አገር እንደተወለደ የሚናገር የማይሰረዝ የልደት ወረቀት ነው። ዳዶውና ቡሎኑ በየጥገናው ተለውጠው ይሆናል፤ መታየት ያለበት በዋናው አካል ውስጥ የተቆረጠው የውስጥ ጥርስ ነው። ከዚያ የሲሊንደሩ ስፋት፣ የፒስተኑ ጉዞ፣ ሞተሩ ከጀልባው ጋር የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች ርቀት፣ የውኃ ፓምፑ አቀማመጥ፣ የቮላኖው ክንዶች ብዛት ተለክተው ይያዛሉ። በአንጻሩ የሚዞርበት አቅጣጫ ከማስረጃ አይቆጠርም። ባለሁለት ምት ሞተር ወደ ቀኝም ወደ ግራም ሲዞር ቅር አይለውም። የኒውፋውንድላንድና የኖቫ ስኮሺያ አጥማጆች ካምቢዮ ሳይኖራቸው ወደ ኋላ የሚሄዱት በዚሁ ጠባዩ ነበር፤ ወደብ ሲደርሱ ኤሌክትሪኩን ይቆርጡና ሞተሩ ሊቆም ሲንገዳገድ በትክክለኛዋ ቅጽበት መልሰው ይሰጡታል፤ ሞተሩም ተደናግጦ በተቃራኒው መዞር ይጀምራል። ቅጽበቷን የሳተ ከወደቡ ግንብ ጋር ይተዋወቃል። እንዲህ ያለውን ሁለት ወዶ ፍጥረት «ወደ ቀኝ ስለሚዞር የእገሌ ነው» ማለት ትርፉ ትዝብት ነው።

የቃል ምስክርም አይጠፋም። «አያቴ አዲሱን ነው የገዛው፤ የእገሌ ፋብሪካ ነው ሲል ሰምቻለሁ» የሚል የልጅ ልጅ በየወደቡ አለ። ለአያት ክብር ሁላችንም እንነሣለን፤ ሆኖም አያት የሚያስታውሱት የሸጠላቸውን ነው። ገንዘባቸውን የቆጠሩት ባንኮኒው ላይ ነው፤ የማቅለጫውን እሳት አላዩም። ስለዚህ የአያት ቃል ተጠንቅቆ ሲሰማ ወደየትኛው ወደብ፣ በየትኛው ነጋዴ እጅ እንደመጣ ይነግረናልና መዝገብ ላይ ይስፈር፤ ከነጋዴው ወደ ሠሪው ያለውን መንገድ ግን የልጅ ልጁ ራሱ መሄድ አለበት። በጽሑፍ የቀረ ማስታወቂያም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚያ ዘመን የጀልባ መጽሔቶች ላይ የታተሙ ሥዕሎች ለማወዳደር እጅግ ይጠቅማሉ፤ ከሥዕሉ ሥር ያለው ምስጋና ግን በሰሌዳዋ የጻፈው ያው እጅ ነው። ሥዕሉን እንመን፣ ምስጋናውን እንለፈው።

አሁን ተከራካሪዬ የያዘውን ከባዱን ድንጋይ ይወረውራል። «ብረቱን እመን ትላለህ፤ ብረትስ አይቀዳም ወይ? አንዱ የሌላውን ሞተር አይቶ ይሠራል፣ ሠራተኛ ሞዴል ይዞ ወደ ጎረቤት ፋብሪካ ይገባል፣ የከሰረ ኩባንያ ሞዴሎቹን ይሸጣል። ታዲያ ያንተ የተደበቀ ቁጥር ምን ያድናል?» ይህ ተቃውሞ እውነት አለው፤ ላቃልለው አልፈልግም። ግን መቅዳት ራሱ የጣት አሻራ ይተዋል። ብረት ቀልጦ ሲቀዘቅዝ በመቶ አንድ ያህል ይኮማተራል፤ ሞዴል ቀራጩ ይህን ስለሚያውቅ እንጨቱን አስቀድሞ በዚያ መጠን ያሰፋዋል። ሞዴል የሌለው ቀጂ ግን የሌላ ሰው ሞተር ገዝቶ፣ ፈትቶ፣ የብረቱን አካል ራሱን አሸዋ ላይ ያትማል፤ ያን ጊዜ ልጁ ከአባቱ በመቶ አንድ አንሶ ይወለዳል። ቶርኖ ያልነካውን ሻካራ ገጽ በመለኪያ ለሚለካ ሰው ሌብነቱ ከሰባ ዓመት በኋላም ይነበባል። ሞዴሉ በሕጋዊ መንገድ ተሽጦ ከሆነም ቁጥሩ ይቀራል፤ የሚለወጠው ሌላው ዙሪያ ገባ ነው፦ የፓምፑ ዓይነት፣ የፑንቲናው አሠራር፣ የጥርሱ ልክ። አንዱ ምስክር ሲወላውል አራቱ ይይዙታል፤ ብረትን እንመን ስል አንዲት ቁጥር እናምልክ ማለቴ አይደለም።

ደግሞም ሥራ ለብዙ እጅ የሚከፋፈል መሆኑን አልክድም። የእንግሊዙ ስቱዋርት ተርነር፣ ለትንንሽ ጀልባዎች ሞተር ይሠራ የነበረው የሄንሊ ፋብሪካ፣ የትንንሽ የእንፋሎት ሞተሮችን ያልተጠረበ አካል በጥቅል እየሸጠ ገዢው በቤቱ ቶርኖ እንዲጨርሰው ያደርግ ነበር፤ እንዲህ ያለው ሞተር ማቅለጫው የፋብሪካ፣ ጥርቡ የቤት ልጅ ነው። በስዊድን ስኮቭዴ ከተማ ደግሞ አንድ ማቅለጫ ኤድቫርድ ሁበንዲክ በነደፈው መሠረት በ1907 አንድ የጀልባ ሞተር ሠራ፤ በስብሰባው የነበሩት አምስት ሰዎች ስለነበሩ «ፔንታ» ተባለ ይባላል፤ በ1935 ቮልቮ ገዛውና ቮልቮ ፔንታ ሆነ። እዚህ ላይ ነዳፊው፣ አቅላጩና ባለስሙ ሦስት ናቸው። መፍትሔው ግን ተስፋ ቆርጦ ወደ ሰሌዳዋ መመለስ አይደለም። ፍርዱን ከፋፍሎ መስጠት ነው፦ «በእገሌ ማቅለጫ የፈሰሰ»፣ «በእገሌ ንድፍ የተሠራ»፣ «በእገሌ ስም የተሸጠ»። በአንድ ሞተር ላይ ሦስት ስም መጻፍ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ሦስቱን ደምሮ ለአንዱ መሸለም ነው፤ የሚሸለመውም ሁልጊዜ ብዙ ያስተዋወቀው ነው።

የመጨረሻው ተቃውሞ ሁሉም ሰው በልቡ የሚይዘው ነው፦ «ሞተሩ ከተነሣ ማን ሠራው ማን ምን አገባን?» የመጀመሪያው መልስ የኪስ ነው። የፒስተን ቀለበት ወይም ፑንቲና የተሰበረበት ሰው በነጋዴው ስም ሲፈልግ ዘመኑን ይጨርሳል፤ የሞዴሉን እውነተኛ ባለቤት ካወቀ ግን በሌላ ስም ከተሸጡ ወንድሞቹ ሁሉ መለዋወጫ ያገኛል። ሁለተኛው መልስ የገበያ ነው። ስም ዋጋ ይጨምራልና የታወቀ ፋብሪካ ሰሌዳ ከሞተ ሞተር ተነቅሎ ስም ወደሌለው መዛወሩ የሚያስገርም አይደለም፤ አዲስ ሰሌዳ የሚቀርጽም አይጠፋም። ብረት ማንበብ የሚችል ገዢ ባለበት ገበያ ይህ ንግድ ቶሎ ይነቃበታል። ሦስተኛው መልስ የፍትሕ ነው። ሦስተኛውን ቀዳዳ ያሰበው ኮክ ነበር፤ መጻሕፍት ግን ሞተሩን የዴይ ሞተር እያሉ ይጠሩታል። ትንንሾቹ ማቅለጫዎችም ከዚህ የተለየ ዕጣ አልደረሳቸውም፤ አሸዋ ሲያትሙ የኖሩት በካታሎግ ስም ተሸፍነው ቀሩ። የአንድን ሞተር ሠሪ በትክክል መለየት ለሞቱት ደሞዝ አይከፍልም፤ ቢያንስ ግን ሌላው ሰው በፊርማቸው እንዳይቀበል ይከለክላል።

ይህን ሁሉ መርምሮም አንዳንዱ ሞተር አይናገርም። ቁጥሩ ተበልቷል፣ አካሉ ተጠግኖ ተጠግኖ ሌላ ሆኗል፣ የሚመስለው ወንድም አልተገኘም። ያን ጊዜ «ሠሪው አልታወቀም» ብሎ መጻፍ ሽንፈት የሚመስለው ለሻጭ ብቻ ነው፤ ለመርማሪ ግን ከተሳሳተ ስም ይልቅ ባዶ መስመር ይሻላል፤ ባዶውን ነገ ሌላ ሰው ይሞላዋል፤ የተሳሳተውን ግን መጀመሪያ መፋቅ አለበት፣ ስሕተት ደግሞ እንደ ዝገት በነጭ ጋዝ አይለቅም። ስለዚህ አንድ ሰው የታላቅ ፋብሪካ ስም እየጠራ ሞተር ሊሸጥላችሁ ቢመጣ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ከመቀመጫው ሥር ያለው ቁጥር ስንት ነው? በአካሉ ውስጥ የተቆረጠው ጥርስ ስንት ዲግሪ ነው? ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ሌላ ሞተር የት ይታያል? ሦስቱንም ከመለሰ ዋጋውን ተከራከሩ። «ሰሌዳውን ተመልከቱ እንጂ!» ብሎ ከተቆጣ ግን ሞተሩን በኪሎ ግዙት፤ ስሙን ለእሱ ተዉለት።